የእትዬ አስካለ ግድግዳ ወታደሮች

በጦርነት የማይሞት ወታደር አለ ከተባለ ፖስተር ላይ ያለው ብቻ ነው። አይራብም፣ አይቆስልም፣ ደረቱም እንደተነፋ ነው... መንግሥት ሲገለበጥ እንኳ እሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ካላመናችሁ የደረሰብኝን ስሙ።

ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተጀመረበት ጊዜ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየሁት እትዬ አስካለ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ነው። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ እንዳላወቃችሁ ኑሩ። የክፍሏ ጭቃ ግድግዳ ስለተሰነጣጠቀ እትዬ አስካለ የጦርነት ፖስተር ለጥፈውበታል። ከራስጌዬ አንድ የደርግ ዘመን ወታደር ጠመንጃውን ሽቅብ አንስቶ፣ አፉን ከፍቶ ይፎክራል። እኔ ከስሩ በጋቢ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጣለሁ። ሥራ ተከፋፍለን እንኖር ነበር።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሹም የአዲሱን ዘመቻ ፖስተር በየቤቱ ሲለጥፍ እኛም ዘንድ ደረሰ። ገና እንደገባ ዓይኑ ራስጌዬ ላይ ተተከለ።

«መምህር፣ ይህን ሰውዬ እስካሁን ታኖረዋለህ?»

ከዘመቻ የሸሸ የአክስቴን ልጅ ደብቄ የያዘኝ ነው የሚመስለው! ቤቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ ወታደሩንም ከአልጋው ጋር እንደተከራየሁት ባስረዳው አልሰማኝም። ይልቅ ያለፈውን ሥርዓት ስለሚናፍቁ አስተማሪዎች ማውራት ጀመረ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን ከሥራው እንደሚያስነሳ ታውቃላችሁ... አልጋው ላይ ወጥቼ ገሸለጥኩት።

ከስሩ ሌላ ወታደር! እሱም የደርግ ነው፣ የሶማሌ ጦርነት ጊዜው። ያው ደረት፣ ያው አፍ፤ ጢሙ ብቻ ይለያል። ሹሙ ይህም ይነሳ አለ። አነሳሁት። ከሱ ስር ደግሞ ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ባለ ብረት ቆብ ይጠብቀናል። እሱንም አወረድኩት። በአንድ ግድግዳ ሦስት ጦርነት ዘምቼ ጭቃው ላይ ደረስኩ፤ በስንጥቁም የመንዝ ነፋስ ያለ ማንም ቅስቀሳ ዘመተብን።

ሹሙ አዲሱን ፖስተር ለጠፈ። ደረቱ የተነፋ፣ ጠመንጃውን ሽቅብ ያነሳ ወታደር... እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ የአሁኑ ጦርነት ወረቀቱ ሳሳ» አሉት።

እሱ ግን መጀመሪያ የገሸለጥኩትን ወታደር ጠቅልሎ፣ አቃጥለዋለሁ ብሎ በብብቱ ይዞት ሄደ። እኔም ሥራዬ ስለተረፈልኝ ተመስገን ብዬ፣ ከነፋሱ ጋር መኖር ጀመርኩ።

ከሰነባበተ በኋላ ሹሙ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ጠራኝ። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ጓዳ አስገብተው አስቀመጡኝ። ቀና ብል ያ የራስጌዬ ወታደር ከባልና ሚስቱ አልጋ በላይ በሊጥ ተለጥፎ ይፎክራል! ጓዳው እንዴት ይሞቃል መሰላችሁ።

ሹሙ ጠላ ሊቀዳልኝ ሲመጣ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«መምህር፣ የግርጌዬም ግድግዳ ብርድ ያስገባል። እትዬ አስካለ ሌላ ወታደር አይጠፋቸውም፤ እስቲ ጠይቅልኝ» አለኝ።

ቤት ስገባ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው።

«የራሱን አዲሱን ወታደር ይደራርብ በለው» አሉኝ። «አራት አምስቱ ሲነባበር አንድ ጦርነት ይወጣዋል።»