የእህቴ ጉልበትና ዘመዶቹ

ለበሽታ ያለን አመለካከት ይገርመኛል። ታማሚውን አንድ ሰው ብለን እንቆጥረዋለን፤ በሽታውን ግን በየክፍሉ እናከራየዋለን። ስኳር ፊት ለፊት፣ ደም ግፊት ጎን ላይ፣ ጨጓራ ጓሮ በኩል። አንድ ግቢ እየኖሩ ሰላም የማይባባሉ ተከራዮች ይመስሉናል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ግቢ የተሸከመ ሰው አይጠፋም፤ እስቲ የለም በሉኝ!

እኛ ቤት ታላቅ እህቴ አስቴር አለች። ከላንቴ ገጠር ሙዝ እያመጣች ከተማ ሲቀላ ገበያ የምትሸጥ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርች ኳየር የምትመራ ብርቱ ሴት ናት። ስለ ሕመሟ ስታወራ ኩራት ቢጤም ይታይባታል። "ስኳሬ የራሱ ሐኪም አለው፣ ግፊቴም የራሱ አለው፣ ጨጓራዬን ለጌታ ሰጥቼዋለሁ" ትላለች።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ መዝሙር መሀል ወደቀች። ስኳሯ ወርዶ ነው ተባለና ለስላሳ ጠጥታ ነቃች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ደግሞ ግፊቷ ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሟ ሌላ ክኒን ሳይጨምርላት አይቀርም ብለውን ወደ ቤት ተመለስን። እናታችንን የወሰደብን ግፊት ነው። ቀልዴ ሁሉ ጠፋብኝ።

ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው፤ የምታጠናው ኔትወርክ ነው። እህቴ ይህን በሰማች ቁጥር ስልኳን አውጥታ "ታዲያ ላንቴ ላይ ለምን አይሠራም?" ትላታለች። የሜሮን ኔትወርክ ሌላ ነው። ነገሮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ለምን እንደሚናወጥ የሚመረምር ሳይንስ ነው፤ በሽታም እንደዚያው ነው ትላለች።

ያን እሁድ ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን ሜሮን ከቦርሳዬ ጠመኔ አወጣችና (አስተማሪ ነኝ፣ ጠመኔ አላጣም) የበረንዳውን ሲሚንቶ ሰሌዳ አደረገችው። ስኳር፣ ግፊት፣ ጨጓራ ብላ ጻፈችና እያንዳንዱን ከበበችው።

"አክስቴ፣ ሌላስ ምን ያምሻል?"

"ሌላ ምንም። ጉልበቴ ብቻ። እሱ እንኳ በሽታ አይደለም፣ እርጅና ነው።"

"ምን ታደርጊለታለሽ?"

"ዲክሎፌናክ ነዋ! ጠዋትም ማታም እውጣለሁ።"

"ሐኪሞቹ ያውቃሉ?"

"ስለ ጉልበት ማን ጠየቀኝ?"

ሜሮን ጮኸች። ጉልበት ብላ ጻፈችና መስመር መሳብ ጀመረች። ለጉልበቱ የሚዋጠው ክኒን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ጨጓራም ያቆስላል። ጨጓራዋ ሲነሳ እህቴ ምሳ ትዘላለች፣ የስኳር መድኃኒቷን ግን አትዘልም፤ ስኳሯ ይወርድና ትወድቃለች። ጉልበቷን እያመማት ደግሞ አትራመድም፤ ካልተራመደች ትወፍራለች፣ ውፍረቱ ተመልሶ ጉልበቷን ይጫናል። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። መስመሩ ሁሉ የሚያልፈው ማንም ካርድ ባላወጣለት ጉልበት በኩል ነው! እኔና ልጄ በደስታ ስንጮህ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ አየን።

"ታዲያ እኔ የታመምኩት አንድ ነገር ነው?" አለች እህቴ፣ ትንሽ ቅር ብሏት።

በማግስቱ ሦስታችንም የግፊት ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ሜሮን ስታስረዳ ወንበሩን አስጠግቶ ሰማት፤ በመሀል እሱም እስክሪብቶውን አንስቶ መስመር ይጨምርላት ጀመር። ኩላሊቷንም እንመርምር አለ። ዲክሎፌናኩን አስቆመ፤ ለጉልበቷ የሚቀባ ማስታገሻና እንቅስቃሴ አዘዘላት፤ አዲሱን ክኒን ለጊዜው አቆየው። ኩላሊቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ግፊቷም ቀስ እያለ ወረደ። ስኳሩ አሁንም አለ፣ ግን ምሳዋን ትበላለች። ኳየሩንም ዛሬ እያሸበሸበች ነው የምትመራው።

እኔም በነገሩ ተነሽጬ "የእኔንም ሳዪልኝ" አልኳት ሜሮንን፤ ራስ ምታቴን፣ ወገቤን፣ እንቅልፍ ማጣቴን ዘርዝሬ። ስለ ውሎዬ፣ በምን እንደምሄድ ጥቂት ጠየቀችኝ፤ ከዚያ መስመሮቹን ሁሉ አንድ ክብ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እህቴ የክቡን ጽሑፍ አንብባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ምን እንደተጻፈ አልነግራችሁም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ከላይኛው ሰፈራችን ከሴቻ ወደ ታች ሲቀላ በባጃጅ አልሄድም፤ በእግሬ እወርዳለሁ። ሽቅብ ስለ መውጣቱ ከሜሮን ጋር ገና እየተደራደርን ነው።