ባለ ሦስት ቀንዱን በሬ ማን አረደው?

ወገን፣ ዛሬ የገጠመኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ።

በገዛ ወጤ ሰው ጨረስኩ!

ተረጋጉ፣ ፖሊስ አትጥሩ። በጨዋታ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ድንበሩ አጠገብ ሄሉ ሰፈር ባለው የሀሊማ ልብስ ሱቅ ጓዳ አራት ሆነን እንሰበሰባለን። ጨዋታውን ያመጣብን ምዋሊሙ፣ ማለትም መምህሩ፣ አብዲ ነው፣ ናይሮቢ መምህርነት ሲማር ለምዶት። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ እኛ ሦስታችን በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ያሰብነው ይሳካ አይሳካ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ሀሊማ ጦረኛ ናት። ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ የሚነዳው ጉዮ ደግሞ ጠንቋይ።

እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ።

አዎ፣ ወጥ ሠሪ! ጭልፋ ይዤ ዘንዶ ልገጥም የተነሣሁ! በእውኑ ዓለም ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ እንቁላል እንኳ ስጠብስ ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብሎ ይወጣል። ቢያንስ በምናብ ባለሙያ ልሁን አልኩ። ምን አጠፋሁ?

ስምንት ወር ሙሉ ግን መሳቂያ ሆንኩ። ሀሊማ ትገድላለች፣ ጉዮ ያቃጥላል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። "ሼፉ፣ አንተ ከኋላ ሁን" ነው ሁልጊዜ። ያለኝ ኃይል አንድ ብቻ ነው፤ የሠራሁትን ሥጋ ወጥ የበላ ቁስለኛ ይድናል። "ሼፉ ራሱ መጀመሪያ ካልቀመሰው አይሠራም" የሚለውን ደንብም ለምኜ ያስጨመርኩት እኔው ነኝ፣ ትንሽ ግርማ እንዲኖረው ብዬ። ይህቺን ያዙልኝ።

ጨዋታው መሀል የሚቀርብልንስ ምን መሰላችሁ? ቺፕስ! የሀሊማ ድንች ጥብስ በፒሊፒሊ ሚጥሚጣ። ስምንት ወር! ያን የመሰለ ሱቅ ያላት ሴት አንድ ቀን እንኳ የሥጋ ዘር አታቀርብም። ቋጣሪ ናት ብዬ ለስንቱ አምቻለሁ።

ወደ ዛሬው ልመለስ። የዘንዶው ዋሻ ደረስን። ስምንት ወር የተጓዝነው ለዚህ ነው። ሀሊማ ቆስላለች፣ ጉዮ አንድ ዱላ ቢያርፍበት አበቃለት። ዘንዶው ተኝቷል፣ ግን ሊነቃ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ወደ እኔ! ወደ ሽንኩርት ከታፊው!

ተነሥቼ ቆምኩ። ዋሻው ደጅ ባለ ሦስት ቀንድ በሬ ታስሯል ተባለ። ዳይሱን ጣልኩ፣ ሃያ! ከዚያ ሞቅ አለኝና ልክ አባቴ ለበዓል እንደሚያደርገው ቢላዬን ስዬ፣ አማትቤ፣ "በስመ አብ ወወልድ" ብዬ አረድኩት። በአፌ ነው እንግዲህ፣ እጄም አየር ላይ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ኮረሪማውን አንድ አላስቀረሁም። ቀመስኩ። አቀረብኩ።



ሀሊማ የያዘችውን ቺፕስ አስቀመጠች። "ማነው ያረደው?"

"እኔ ነኛ!"

"እንግዲያ አልበላም።"

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይገባዋል፤ ከአራታችን ክርስቲያኑ እኔ ብቻ ነኝ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። የቆየ ነው፣ ተከባብረን እንኖርበታለን። ግን ይሄ በሬ እኮ የለም!

"ጉዮ፣ አንተስ?"

"አኒ ሂን ኛዹ ባና፣ አልበላም። ሆዴ እምቢ አለኝ።"

ባለፈው ወር ከሰይጣን ጋር ውል የፈረመ ጠንቋይ እኮ ነው! ወጥ ላይ ሲደርስ ጨዋ ሆነ!

ጮህኩ። "ወረቀት ነው! ዳይስ ነው! ሰው እንዴት ጨዋታና እውነት መለየት ያቅተዋል?" አልኩ። ይህቺንም ያዙልኝ።

ምዋሊሙ አብዲ ሊያስታርቀን ገባ። "እሺ፣ ሌላ ባለ ሦስት ቀንድ በሬ መጣ። ሀሊማ ትረድ፣ ሼፉ ይሥራ። ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገልጧል፣ ፍጠኑ!"

ሀሊማ "ቢስሚላህ" ብላ አረደች። እኔ ሠራሁ፣ እንዲያውም ከፊተኛው ይጣፍጣል ብዬ ማልኩላቸው። ጉዮ በምናብ እጁን ታጠበ።

"ቅመስ" አለኝ አብዲ።

"እ?"

"የራስህ ደንብ ነው። ሼፉ መጀመሪያ ካልቀመሰው አይሠራም።"

ወገን፣ "ቀመስኩ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል! አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝ። አፌን ዘጋሁ።

"ካራክተሬ..." አልኩ። "ካራክተሬ ጨጓራ አለበት።"

ጨጓራ!!!

ጉዮ ከወንበሩ ወደቀ። ሀሊማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዘንዶው ነቃ፤ ሦስታችንንም አቃጠለን። የስምንት ወር ልፋት ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ዐመድ ሆነ፣ ሁለት ድስት ሙሉ ወጥ አጠገባችን ተጥዶ እያለ። ያቺ አንዲት የኔ ቀን አለቀች።

በጣም ተናደድኩ። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ለሀሊማ፣ "ምናለ ከመጀመሪያው ድንች ጠባሽ ብሆን ኖሮ! አንቺ እንደሆነ ስምንት ወር ከቺፕስ ሌላ አላበላሽንም" አልኳት።

መሳቋን አቆመች።

"ዌዌ፣ አንተ! ቤቴ ሥጋ የሌለ መስሎህ ነው? ባሌ እኮ ፍየል ነጋዴ ነው! አራታችን ከአንድ ሳህን የምንበላው ሌላ ምን አለ? ለእኛ ሥጋ አቅርቤ አንተን ጥግ ላስቀምጥህ?"

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። "ብላ፣ ቀዘቀዘ።"

በላሁ። ቀዝቅዟል፣ ጨውም በዝቶበታል፣ እኔም አፍሬያለሁ። ቋጣሪ ናት ብዬ ኢንቦክስ ያደረግኩላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ያንን አጥፉልኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ሼፍ ተብዬ ስጠራ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚበላ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እሷ ግን ሳትጠየቅ ታውቃለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከአራታችን መሀል ሼፉ ማን ነበር?