ዳሩ ያልተሰማቸው አስተዳዳሪ

አቶ ሽመክት ወረዳውን ማስተዳደር ከጀመሩ ዘጠነኛ ዓመታቸው ነው። ትእዛዛቸው እስከ ወረዳው ጫፍ ሳይዘገይ ይወርዳል፤ ከጫፍ ወደ እሳቸው የመጣ ነገር ግን ትዝ አይላቸውም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሙሉሰው ጠዋት ጠዋት፣ "ሁሉም ሰላም ነው፤ ሕዝቡ እርስዎን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም" ይላቸዋል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሻያቸውን በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ።

አንድ ቅዳሜ፣ ድልድይ የፈረሰባት የጫፍ ቀበሌ ለስብሰባ ጠራቻቸው። መኪናው ማለፍ ስላልቻለ የወዳደቀውን ጣውላ በእግራቸው ተሻግረው አዳራሹ ገቡ፤ ንግግርም ጀመሩ።

"ብሶታችሁ ይሰማኛል!" አሉ ደረታቸውን መትተው።

ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን አወጡ። "ክቡር አስተዳዳሪ፣ እታች..."

"ከታች የሚመጣ አስተያየት በመጨረሻ ነው፣ እናቴ።"

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወይዘሮዋ እንደገና ተነሡ። "ኧረ ደም..."

"ስሜታዊ አንሁን!"

ንግግሩ ሲያበቃ ወለሉ ቀልቷል። የድልድዩ ሚስማር ጫማቸውን በስቶ ውስጥ እግራቸው ገብቷል። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ክው አሉ። "እኔ እኮ ምንም አልተሰማኝም!"

"እሱንስ እናውቃለን፤ ዘጠኝ ዓመታችን" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። አዳራሹ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

ሙሉሰው ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ሲስተር ይርገዱ ሚስማሩን ነቅላ ቁስሉን ካሸገች በኋላ፣ ዓይናቸውን አስጨፍና የእግር ጣታቸውን በቀጭን ናይለን ክር መነካካት ጀመረች።

"ሲነካዎት ይንገሩኝ።"

"እኔን? ማን ደፍሮ ይነካኛል?"

"አሥር ጊዜ ነካሁዎት።"

ቀጥላ ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርገው እግራቸው ተወርውሮ የሙሉሰውን ቅልጥም አገኘው።

"ማን አዘዘው?" አሉ አስተዳዳሪው ተቆጥተው።

"ማንም። አንዳንዱ ጉዳይ ራስ ጋ ሳይደርስ ወገብ ላይ ተወስኖ ያልቃል፤ ራስ የሚሰማው ከሆነ በኋላ ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?"

"ራስዎ ደህና ነው። ነርቭ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከራስ ትእዛዝ የሚያወርድ አለ፣ ከዳር ወሬ የሚያመጣ አለ። የእርስዎ አውራጆች እየሠሩ ነው፤ የሞቱት አምጪዎቹ ናቸው። ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ ረጅም መንገድ የሚሄዱት፣ የጫፎቹ ናቸው። ከእንግዲህ እግርዎ እሳት ቢገባ አይነግርዎትም። በየቀኑ ዝቅ ብለው በዓይንዎ ማየት አለብዎት። አለዚያ ይቆረጣል።"

አስተዳዳሪውን ላብ አጠመቃቸው። "ማነው የገደላቸው? ስሙን ንገሪኝ!"

"ጣፋጭ" አለች ሲስተር ይርገዱ ጓንቷን እያወለቀች። "መራራ ቢሆን ገና ሲቀምሱት ይተፉት ነበር። ጣፋጩ ግን ጠዋት ጠዋት እየቀረበልዎት፣ እርስዎም ደስ እያለዎት፣ አምጪዎቹን አንድ በአንድ በላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከአጠገብዎ ይራቅ።"

ቅልጥሙን እያሸ የቆመው ሙሉሰው፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው፣ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ።