መስኮቱን ገርበብ አድርጉት

በየሰፈሩ ከአደጋ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። አደጋውን ይዞት የመጣው ራሱ መሆኑ የሚታወቀው ግን ቆይቶ ነው። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ክቡርነታቸው ጋሽ አሳንሰር፣ የዚህ ዓይነቱ ሰው ቁንጮ ነበሩ።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በአሳንሰር ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጥርስ ሲታመም፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ «ሠላሳ ዓመት አሳንሰር ላይ ሠርቻለሁ» ይላሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ነፋስ ደግሞ የግል ጉዳያቸው ነበር። ሬዲዮው «ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል» ካለ ረጅሙን ካፖርታቸውን ደርበው በር ለበር ይዞራሉ። የተሰጣ ልብስ ያስነሳሉ፣ የአናጺውን ጣውላ ያስገባሉ። አንዴ የፀጉር አስተካካዩን ደንበኛ ግማሽ ራሱን እንደተላጨ፣ «በነፋስ መስታወት ፊት አይቀመጥም» ብለው አስነስተውታል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። መደምደሚያቸው ነው ጉዱ፦ «መስኮቱን ገርበብ አድርጉት። ነፋስ እንግዳ ነው፤ መውጫ ካጣ ይቆጣል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት የሆናቸው እናት አሏት፤ ያለ እሷ አይገላበጡም። በላያቸው ያለው ደግሞ ያረጀ ቆርቆሮ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው መጡ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮው እኮ ዝጉ ነው ያለው» አለቻቸው።

«ሬዲዮ አሳንሰር ነድቶ ያውቃል?»

እናቷ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ለኛው አስበው ነው፤ አታስቀይሚያቸው» አሉ። ከነፋሱ ይልቅ ይሉኝታውን ፈራችና መስኮቱን ገርበብ አደረገችው። እስከ ዛሬ ራሷን የምትረግመው በዚህ ነው።

እንግዳው መውጫ አልፈለገም። በመስኮቱ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር አነሳው። ሦስት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ እናቷን አቅፋ ለማንሳት ታገለች፤ አቃታት። ይሄኔ በሩ ተበረገደ። «በነፋስ ከቤት የሚወጣ እብድ ነው» የሚሉት ሰውዬ በሚበር ቆርቆሮ መሀል፣ በባዶ እግራቸው መጥተዋል።

«መታጠቢያ ቤት አስገቢያት፤ መስኮት የለውም» አሉ። እናቲቱን ከነፍራሻቸው ጎትተው አስገቧቸው። ሰውየው በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ። ክንዳቸውን ቆርቆሮ ቀዶት ደሙ ይንጠባጠባል። አፋቸው ግን ደህና ነበር።

«ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ብትከፍቺው ኖሮ እኮ...»

«ጋሼ፣ እናቴን ሊገድሏት ነበር።»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ነፋሱ እስኪያልፍ በሁለት እጃቸው ገፍተው ያዙት።

ጣሪያው ተጠገነ። እናቷ ግን ዛሬም ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር እጇን ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ፤ ለዚህ ልብስ ሰፊዋ ለጋሽ አሳንሰር ይቅርታ አላደረገችላቸውም፤ የምታደርግም አይመስላትም።

ሬዲዮው እንደገና ነፋስ ይጠበቃል ያለ ቀን መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ በሩ እስኪንኳኳ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። የጎረቤት ልብስ እንደተሰጣ ነው፣ የአናጺው ጣውላ ደጅ እንደተቆለለ። ተናደደች። ሰውየው ዝም እንዲሉ ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር፤ ዝም ሲሉ ደግሞ አላስቀምጥ አላት። ተነስታ ሄዳ በራቸውን ደበደበች።

ክቡርነታቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮታቸው ተዘግቶ በሚስማር ተመትቷል።

«ጣውላው ደጅ ነው» አለቻቸው።

«እኔን አሁን ማን ይሰማኛል፣ ልጄ?»

«ድሮስ ማን ይሰማዎት ነበር? ይነሱ። ገርበብ የምትባል ቃል ከአፍዎ ከወጣች ግን መታጠቢያ ቤት ነው የምቆልፍብዎ።»

ቤቷ ተመልሳ የእናቷን እጅ እንደያዘች፣ የለመደችው ድምፅ ከፀጉር አስተካካዩ ደጅ ተሰማት።

«ጥርቅም አድርገህ ዝጋ። ሠላሳ ዓመት አሳንሰር ላይ ሠርቻለሁ፤ በሩ ተከፍቶ የሚሄድ አሳንሰር አይተህ ታውቃለህ?»