የክረምቱ የውጭ ንቅናቄ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የቦንጋ ልጆች ያለ ዕቅድ ይጫወቱ የነበረበት ጨለማ ዘመን እንደነበረ ለትውልዱ ማስታወስ ይገባል። ያለ ኮሚቴ ይሮጡ ነበር። ያለ በጀት ይዘሉ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡም እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ እነሱ ግን ከአንድ ጽሕፈት ቤት በታች ባለው ተዳፋት ሜዳ ላይ በማንም ሳይመሩ ኳስ ይራገጣሉ፣ ሱዚ ይዘላሉ፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ይቀመጡበትና ከላይ እስከ ታች በጭቃው ይንሸራተታሉ። ማን ስንት ጊዜ እንደተንሸራተተ የሚያውቅ የሚመለከተው አካል አልነበረም። ይህን የምመሰክረው ሱቄ ከሜዳው ግርጌ ትይዩ ስለሆነ ነው። ሳሙናና ክብሪት እየሸጥኩ ብዙ ሥርዓት አልበኝነት አይቻለሁ።

ጽሕፈት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። የሚሠሩበት ሰዎች ትሑቶች ናቸውና ሲመሰገኑ ያፍራሉ። ውስጡ የሚሆነውን የማውቀው ግን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የምትይዘው ወይዘሮ ዘነበች ደንበኛዬ ስለሆነች ነው፤ ስኳር ልትገዛ ትመጣና ስኳሩን ረስታ ወሬውን ጨርሳ ትሄዳለች።

ጊዜው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የደራበት ነበር። አንድ ረፋድ ከበላይ አካል ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ያለው ቀላል ነገር ነው፤ በክረምቱ ልጆች ቤት ተቀምጠው እንዳይደብቱ የውጭ እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጥተን እናያለን አለ። ነገር ግን ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ እየደበደበው ስለነበር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፈለቀ «እንቅስቃሴ» የሚለውን «ንቅናቄ» ብለው ሰሙት። አይፈረድባቸውም። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ተንቀሳቀስ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ተነቃነቅ ግን በየወሩ ይባሉ ነበር።

ንቅናቄ ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዳራሽ ገብቶ መቀመጥ ነው። የማዳበሪያ ንቅናቄ ሲባል እንቀመጣለን፤ የጽዳት ንቅናቄ ሲባል እንቀመጣለን፤ የተፋጠነ ንቅናቄ የተባለ እንደሆነ ደግሞ ምሳም እዚያው ይመጣልና ጭራሽ አንነሳም።

አቶ ፈለቀ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። በመጀመሪያ የተናገሩት የጸጥታውን ዘርፍ የያዙት አቶ ግዛቸው ነበሩ። ፊታቸው ከብዷል።

«የውጭ ንቅናቄ ሲባል የየትኛው አገር ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤት አገሮች አንድ በአንድ ተነሡ። አንዳንዱ ወደ ምዕራብ ጠረጠረ፣ አንዳንዱ ወደ ሰሜን። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘነበች እጇን አውጥታ ውጭ ማለት ምናልባት ደጅ ማለት ሳይሆን እንደማይቀር፣ ልጆቹ ደጅ ይጫወቱ ለማለት ተፈልጎ ሊሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳች።

«ደጅ ለማለት ቢፈልጉ ደጅ ይሉ ነበር» አሉ አቶ ፈለቀ። ከዚያም በመስኮቱ ወደ ሜዳው ቁልቁል ተመለከቱ። ልጆቹ በዝናቡ ውስጥ እየተሯሯጡ ነበር። ኃላፊው አዘኑ። «እዩአቸው» አሉ፤ «ሳይነቃነቁ በከንቱ ይሮጣሉ።»

በዚያው ስብሰባ ሁለት ታላላቅ ውሳኔዎች ተላለፉ። አንደኛው፣ እንግዶቹ ሲመጡ ሜዳው ለምለም ሆኖ እንዲታይ ከዛሬ ጀምሮ ልጅ እንዳይረግጠው ዙሪያውን በቀርከሃ ይታጠር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከሜዳው የሚፈናቀሉት ልጆች እንዳይበተኑ አዳራሽ ገብተው ይነቃነቁ የሚል ነው። አጥሩ በሳምንቱ ቆመ። ጋሽ ከፈለኝ የሚባሉ ጥበቃ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ ላይ ተቀመጡ። ከጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ መግቢያ በላይም «በተነቃነቀ ሕፃን የተነቃነቀች አገር እንገነባለን» የሚል ባነር ተሰቀለ። ጥርሱ የተነቃነቀ አንድ ልጅ ባነሩን አንብቦ አፉን በእጁ ሲሸፍን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥልጠናው ጥልቅ ነበር። የጨዋታ ጽንሰ ሐሳብ፣ የጨዋታ መርህ፣ በጨዋታ አተገባበር ላይ የሚታዩ ማነቆዎች በየተራ ቀረቡ። ልጆቹ አንድ ለአምስት ተደራጁ። በድብብቆሽ ዘርፍ ለዘመናት የኖረው ብልሹ አሠራር ታይቶ፣ የሚደበቅ ልጅ ሁሉ የሚደበቅበትን ቦታ አስቀድሞ ለአምስቱ ጠርናፊ እንዲያሳውቅ አቅጣጫ ተቀመጠ። ከጨዋታው በፊት የተገኘ ልጅ ቢበዛም ውጤቱ አመርቂ ነው ተባለ። ቀጥሎ ግምገማ ሆነ። ዮሲ የሚባል ኪሱ ሁልጊዜ በብይ የሚንሿሿ ልጅ ተነሥቶ እንዲቆም ተደረገና በብይ ሰብሳቢነት ተገመገመ።

«እየቀናኝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም» አለ ዮሲ።

ሒሱን አልዋጠም ተብሎ ብዩን አስረከበ።

ከልጆቹ ሁሉ ነገሩ የከበዳት አብርሆት ነበረች። አብርሆት የልብስ ሰፊዋ የሰብሌ ልጅ ናት። በእንሰት ቅጠል ያንን ተዳፋት እንደሷ የሚወርደው አልነበረም፤ ከላይ ስትነሣ ሱቄ ድረስ ሳቋ ይሰማኛል። በመጀመሪያው ቀን እጇን አወጣች።

«እኛ መቼ ነው የምንጫወተው?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ አቶ ፈለቀ። «ጥያቄሽ ተይዟል።»

በማግሥቱም ጠየቀች። ተያዘ። ሳምንቱን ሙሉ ጠየቀች፤ ሳምንቱን ሙሉ ተያዘ። አንድ ምሽት እናቷ ክር ልትገዛ መጥታ ልጅቷ እቤት ያለቻትን ነገረችኝ። «እማዬ፣ የተያዘ ጥያቄ መቼ ነው የሚፈታው?» ብላታለች። ሰብሌም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን አዘንኩ፤ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ሹም ክረምቱ ቢያልፍበት የሚቀጥለውን ያቅዳል። ልጅ ግን መስከረም ሲጠባ ክረምቱ አለቀበት፤ ያችን ዓመት ዳግመኛ አያገኛትም። ሜዳው ደግሞ እዚያው ፊታቸው ላይ ለምልሞ ቁጭ ብሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ሳይፈታ ሲቀር ጠያቂዋ ራሷን ፈታች። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ አብርሆት በአዳራሹ መስኮት ዘልላ ወጣች፣ ቀርከሃውን ተንጠላጥላ አለፈች፣ የእንሰት ቅጠሏን ዘርግታ ወረደች። በማግሥቱ ዮሲ ተከተላት። ከዚያ ወዲያ የትኛው ልጅ ከየትኛው አንድ ለአምስት እንደጎደለ መለየት አልተቻለም። ጋሽ ከፈለኝ ፊሽካቸውን እየነፉ ያባርራሉ፤ ልጆቹ በዚያ ሲያባርሯቸው በዚህ ይገባሉ። ጋሽ ከፈለኝ ብቻቸውን ስላልቻሉ ሕገ ወጥ ጨዋታን የሚከላከል ግብረ ኃይል ከሠራተኞች ተቋቋመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየከሰዓቱ ጽሕፈት ቤቱ እንዳለ ሜዳ ይወርድ ነበር።

ያንን ያላየ ሰው ምን አየሁ ይላል። አቶ ግዛቸው ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ሲሮጡ አይቻለሁ። በመቀመጥ ብዛት ጉልበቷን ያማት የነበረችው ወይዘሮ ዘነበች በሁለተኛው ሳምንት አጥር ስትዘል ነበር፤ ስኳርም መግዛት ተወች። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይበተናሉ፣ ከሜዳው ዳር ካለው ሾላ ጀርባ ይደበቃሉ፤ ቦታውንም ለማንም አያሳውቁም። ሰብሌ በበኩሏ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ ሱሪውንና ቀሚሱን ወገቡ ላይ እንድታጠብብለት ያመጣላት ጀመር። አቶ ፈለቀም አመጡ። ስትለካቸው እንኳ የልጅዋን ጥፋት አንሥተው መውቀሳቸውን አልተዉም።

ነሐሴ ሲያልቅ እንግዶቹ መጡ። የቡድኑ መሪ አቶ ልዑልቃል ጃንጥላ ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ባነርና ባዶ ወንበር ጠበቃቸው። ግራ ገብቷቸው ሲወጡ ከታች የፊሽካ ድምፅ ሰሙ። ድምፁን ተከትለው መጥተው ሱቄ በር ላይ ተጠለሉ። ከዚያ ሆነው ያዩት ይህንን ነው፦ ልጆች አጥር ይዘላሉ፣ ይሮጣሉ፣ ዛፍ ይወጣሉ፤ ሠራተኞች ከኋላ ከኋላቸው ይሮጣሉ፤ አብርሆት በቅጠሏ ቁልቁል ትወርዳለች፤ እሷን ሊይዙ የተነሡት አቶ ፈለቀ እግራቸው ከድቷቸው ያለ ቅጠል፣ በመቀመጫቸው፣ እጃቸውን እንደዘረጉ ይከተሏታል። መንሸራተቻው የሚያልቀው አጥሩ ሥር ነው፤ አጥሩም በዚያ በኩል ወላልቆ ነበር። ኃላፊው መጥተው የቆሙት እንግዶቹ እግር ሥር ሆነ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አሉ ከጭቃው ውስጥ።

አቶ ልዑልቃል ጃንጥላቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። «እኛ ልጆቹ ይንቀሳቀሱ ነበር ያልነው» አሉ፤ «እናንተ አመራሩን ጭምር አንቀሳቅሳችሁ ጠበቃችሁን።» ቀጥለውም አጥሩ ለምን እንደቆመ ጠየቁ።

አቶ ፈለቀ ዓይናቸውን ከጭቃ ጠረጉ። «የመሰናክል ዝላይ ነው» አሉ።

ፊሽካ የያዙት ሰውዬስ ሲባል ዳኛ ናቸው ተባለ። ጋሽ ከፈለኝ ሹመታቸውን የሰሙት ያኔ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሞዴል ተብሎ ተሸለመ፤ አሠራሩም ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ወደ ሌሎች እንዲሰፋ ተወሰነ። አጥሩ ግን አልተነሣም። ምርጥ ተሞክሮ እንዴት ይፈርሳል?

በሚቀጥለው ክረምት ከሺሺንዳ፣ ከዋጫና ከቢታ ገነት ተሞክሮ ሊቀስሙ ሹማምንት መጡ። ቦት ጫማ አድርገው በዝናቡ ውስጥ ከሜዳው ዳር ተደረደሩ። ዘንድሮ ሁሉም ነገር በሥርዓት ተዘጋጅቷል። አጥሩ ታድሶ ከፍ ብሏል። አሳዳጆች ተመድበዋል። ልጆቹም ጠዋት በሦስት ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ አጥሩን ዘለው በሕገ ወጥ መንገድ እንዲገቡ በየቤታቸው መመሪያ ደርሷቸዋል።

ፊሽካው ተነፋ። አንድም ልጅ አልመጣም። ደግሞ ተነፋ። እንግዶቹ ተያዩ። አሳዳጆቹ የሚያሳድዱት አጥተው ቆሙ። እኔ ከሱቄ ሆኜ ገና ድሮ ገብቶኝ ነበር፤ ዝለል ተብሎ የሚዘለል አጥር ምን ጣዕም አለው?

አቶ ፈለቀ ልጆቹን ፍለጋ ሽቅብ ሮጡ። ለባለፈው ክረምት ምስጋና ይግባውና ትንፋሻቸው አላነሰም። ልጆቹ የተገኙት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሹም ሁሉ ሜዳ ስለወረደ አዳራሹ ባዶ ነበር፤ እነሱም ገብተው በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ስብሰባ ስብሰባ እየተጫወቱ ነው። የመድረኩን ወንበር የያዘችው አብርሆት ናት። ኃላፊው ጆሯቸውን በሩ ላይ ቢያስጠጉ ዮሲ ብዩ እንዲመለስለት ሲከራከር ሰሙ።

«አብርሆት፣ ልጄ» አሉ በለዘበ ድምፅ፤ «እንግዶች ዝናብ ላይ ቆመዋል። ውጡና ተጫወቱ።»

«አጥር ባለበት አንጫወትም» አለች ከውስጥ።

ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ከረሜላ ቃል ገቡ። አልሆነም። ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ወርደው አጥሩ ይፍረስ አሉ። ጋሽ ከፈለኝ አንዱን ቀርከሃ ነቀሉ፣ አቶ ግዛቸው ሌላውን። እንግዶቹ የተሞክሮው አካል መሰላቸውና ካፖርታቸውን አውልቀው ተረባረቡ። የዋጫውና የቢታ ገነቱ ሰው አንዱን ግንድ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ፣ ሲወድቁ፣ ሲስቁ ዋሉ ማለት ይቻላል። ጭቃ ያልነካው ሹም አልቀረም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ንቅናቄ በኋላ ቦንጋ ውስጥ ሹማምንት አንድ ነገር ከቦታው ሲነቅሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሜዳው ሲገለጥ አቶ ፈለቀ እያለከለኩ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ልብሳቸው ላይ ደረቅ ቦታ የለም። በሩን በስሱ አንኳኩ።

«አብርሆት፣ አጥሩ ፈርሷል» አሉ። «እሺ፣ አሁንስ መቼ ነው የምትጫወቱት?»

ከውስጥ የመድረኩ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ጉሮሮ ተጠረገ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሽ ፈለቀ» አለች። «ጥያቄዎ ተይዟል።»