ለመንጋጋ የነደደ እሳት

አርባ ጠገራ ብር! እስቲ ፍረዱኝ አንባቢዎቼ፣ ሰው ለሕያው ጎረቤቱ የማያወጣውን ገንዘብ ለሞተ አውሬ መንጋጋ ያወጣል? ከወሎ ወደ አሶሳ በአንድ አህያ መጥቼ፣ በንግድ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ገዢን ለምን ትገዛለህ አልለውም። ስንት ትከፍላለህ እለዋለሁ እንጂ።

ወርቅ አጣቢዎች የወንዝ ዳር አፈር ሲቆርሱ ድንጋይ የሆነ መንጋጋ አገኙና አመጡልኝ። በአንድ አሞሌ ጨው ወሰድኩት። ሰባት ጥርስ ነበረው። ወርቅ ፍለጋ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሲያየው መሬት ላይ ተንበረከከ፤ እኔም መንበርከኩን አይቼ ዋጋውን ጨመርኩ።

በአስተርጓሚ «አሁን በበቅሎ ብጭነው ዱቄት ይሆናል» አለኝ። «ሙጫ አጠጣው፤ ከእርጥበት ጠብቀው። ክረምቱ ሲወጣ ሳይፈርስ ካገኘሁት አርባ ብር።»

እውነቱን ነው፤ በነካሁት ቁጥር ይፈረፈር ነበር። ሙጫ ደግሞ የንግድ ዕቃዬ ነው። በለብ ያለ ውኃ አቅጥኜ በዶሮ ላባ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ወፍራሙ ላዩ ላይ ይቀራል፤ እስከ ውስጥ የሚዘልቀው ቀጭኑ ነው። ጠነከረልኝ። ያኔ ዝናቡ ጀመረ። አንድ ማለዳ ብዳስሰው ሙጫው በእርጥበት ላልቶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ አንዱ ጥርስም ተነቃነቀ። አርባው ብር ዓይኔ እያየ ሊሟሟ ነው።

ቀን ከሌት የማይጠፋ እሳት አስፈለገ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ እሳት አያውቅም። ለአንድ ሰው ብሎ ማን እንጨት ይፈጃል? ጎረቤቴ ዘይነብ የምትልክልኝን ገንፎ እንደቀዘቀዘ እበላና እተኛለሁ። ለመንጋጋው ግን ግንድ ገዛሁ።

ጭሱን አይታ መጀመሪያ የመጣችው ዘይነብ ናት፤ ምላሷ የማያርፍ የበርታ ባልቴት።

«ያ ሼህ! ለራስህ እሳት የለም፣ ለአጥንት አለ? አጥንት በረደው?»

«ገንዘቤ ነው» አልኳት።

«ወላሂ፣ ገንዘብህ ካንተ ይሻላል። እሱ ይሞቃል» ብላ ገብታ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሌሎቹ ጎረቤቶች ተከተሉ። ክረምቱን ሙሉ አሥራ አንድ ሰው እሳቴን ከብቦ በቆሎ እየጠበሰ፣ መንጋጋው የጅብ ነው፣ የአዞ ነው ሲል ከረመ። አንዱማ የጂን ነው ብሎ ማለ። እኔ እንጨቱ አለቀ እያልኩ አጉረመርማለሁ። ማን ሊሰማኝ!

መስከረም ሲጠባ ፈረንጁ መጣ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ አልተነቃነቁም። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሣጥን ገለባ ላይ አስተኝቶ ወሰደው። አርባውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው።

በዚያ ምሽት እሳት አላነደድኩም፤ የሚደርቅ ዕቃ የለኝማ። ጎረቤቶቼ ከደጅ ደርሰው ጨለማውን አዩና «ተሽጧል» ተባብለው ተመለሱ። ግቡ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ላሳያቸው?

ብዙ ምሽት በጨለማ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ አርባውንም ብር አውጥቼ እንጨት ገዝቼበት ከደጄ ከመርኩት። ዘይነብ አይታ ቆመች።

«ደግሞ የምን አጥንት አገኘህ?»

«የራሴን» አልኳት።

ገብታ ተቀመጠች። የቀሩት አልመጡም፤ እሳት ብቻውን ሰው አይጠራም መሰለኝ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። ገቢ አርባ ብር፤ ወጪ አርባ ብር፣ የክረምቱ ግንድ፣ አንድ አሞሌና ጥቂት ሙጫ። ከአሥራ አንድ ሰው አሥሩ ሄደዋል፤ አንዷ ቀርታለች፤ እሷም ትሰድበኛለች። ከስሬያለሁ። ገንፎውን ግን አሁን በትኩሱ ነው የምበላው።