«ወራጅ አለ» ያለው ልብ

ትናንት፣ ልብ የሚያግዝ ፓምፕ ደረቴ ውስጥ ተክለው በመድኃኒት እንዳስተኙኝ፣ ጉድ የሚያሰኝ ሕልም አየሁ። ሐኪሞቹ ፒጃማ ለብሰው ተኝተዋል፤ እኛ ሕመምተኞቹ ነጭ ጋዋን ደርበን አልጋ ለአልጋ እንዞራለን። ደረቴን የከፈተው ኩሩው ዶክተር ልዑልሰገድ አፉ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶበት በዓይኑ ይለማመጠኛል። ፓምፑም የሱ ሆኗል። መነጽር ያደረገች ፍየል ነርስ መጥታ አየሩን የምትሰጠው አንተ ነህ፣ እንዳይሞት አደራ አለችኝ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሚኒባስ ረዳት ነበርኩ። ስለ አየር የማውቀው የለም፤ ስለ መጫን ግን እኔን ነው መጠየቅ።

ደረቱን ስከፍተው ውስጡ ሚኒባስ ነው። ሁለት ወፋፍራም ሳንባዎች መስኮት መስኮቱን ይዘዋል፤ መሐላቸው ግራ ልብና ቀኝ ልብ ተጣበው ተቀምጠዋል። ግራው ፓምፑን ተደግፎ ያንኮራፋል። ጠጋ ጠጋ በሉ እያልኩ አየሩን ጠቀጠቅኩት። ሳንባዎቹ አበጡ፤ እኔም ጨመርኩ። ዶክተሩ በራሱ ሊተነፍስ ሲሞክር አርፎ እንዲቀመጥ ነገርኩት፤ ረዳት እያለ ተሳፋሪ በር አይዘጋም።

ቀኙ ልብ ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድሜ፣ ግራው ሞተር ተገጠመለት፤ እኔ አሁንም በእግሬ ነኝ። እነዚህን ስታሳብጥብኝ ደሙን በየት በኩል ልግፋ?»

ደነገጥኩ። አንድ መስኮት እንዲከፍቱ ሳንባዎቹን ለመንኳቸው። ባንድ አፍ ንፋስ ይመታናል ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ያውም አየር የሞላቸው እነሱ! ቀኙ ልብ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ወራጅ አለ» አለ።

እሱ ከወረደ ሰውየው አለቀለት። ደም የሚያቀብለው ከሌለ ፓምፑ ብቻውን ምን ይገፋል? በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። ፈራሁ፣ በእውነት ፈራሁ። ፍየሏ ትስቃለች። ልቡ «ወራጅ አለ!» እያለ ሲገፋኝ የበሩ እጀታ እጄ ላይ ወለቀ።

ነቃሁ። ቱቦው ከአፌ ወጥቷል። ዶክተር ልዑልሰገድ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ለእህቴ ለዘርፌ ያስረዳታል። የመተንፈሻ ማሽኑ ሳንባዬ ውስጥ አየር በኃይል ሲገፋ ቀኙ ልቤ ደክሞ ነበር አሉ፤ ግፊቱን ቀንሰው ራሴ እንድተነፍስ ሲለቁኝ ነው የተሻለው። ላመሰግነው አፌን ከፈትኩ።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

«የትም አይወርዱም፣ ጋሽ ተካልኝ» አለኝ። «ዋናው በራስዎ መተንፈስዎ ነው። ንጹሕ አየር እንዲያገኙ መስኮቱንም ከፍተንልዎታል።»

ዘርፌ ብድግ ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

«ንፋስ ይመታዋል» አለችና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዬ አከናነበችኝ።